የነሲባን ስልክ ስላስቆለፈው ጥናት

ልጄ ነሲባ ቆቦ ከተማ ለምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ለተከበሩ የምክር አገልግሎት ኃላፊ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለመጠይቅ ወረቀትዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እኔ የሮቢቱ ገበሬ ሰላሁዲን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ መቶ ሃያ ተማሪዎችን ጠይቀው ጭንቀት የበዛበት ተማሪ ቴሌግራምም እንደሚያበዛ ስለደረሱበት፣ ከዚያም ጭንቀቱን የወለደው ቴሌግራሙ ነው ብለው ስለወሰኑልን አመሰግናለሁ። በእኛም ቀዬ ከተራራው ጎርፍ በወረደ ቁጥር አካፋ ይዞ ወደ ማሳው የሚሮጥ ሰው ይበዛል፤ ጎርፉን የጠራው አካፋው ነው ያለን ግን እስካሁን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ነሲባ በየአምስት ደቂቃው ስልኳን እንደምታይ ቆጥረው ስለመዘገቡ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ታላቅ ወንድሟ ኡበይድ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ከተሻገረ ሰባት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የእኔ የቁልፍ ስልክ ቴሌግራም ስለማያውቅ መልእክት የሚልከው ለእሷ ነው። ይህንኑ ስታስረዳዎ «ሱስ ሰበብ አያጣም» ብለው ስልኳን ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ባሉት ቀን ስለመለሱ። ስንከፍተው ዘጠኝ ቀን ያለፈው የኡበይድ የድምፅ መልእክት ጠበቀን፦ «ነሲባ፣ የመን ነኝ፤ በሕይወት አለሁ። ስልኩ የሰው ነው፣ እስከ ጁምዓ ነው የምይዘው። ልመለስ ወይስ ልቀጥል? አባን ጠይቂልኝ።» ጁምዓው አልፏል። ብንደውል የስልኩ ባለቤት አነሣና «መልስ ሲያጣ ከሌሎቹ ጋር ወደ ድንበሩ ሄደ» አለን። ይኸው ወር ሞላው፤ ወሬው ጠፍቷል። «ተመለስ» ልለው ነበር።

አራተኛውን ጀምሬ ተውኩት።

ነሲባ ግን ስልኳን ማየት አቁማለች፤ ቤት ጥላው ትውላለች። በእርስዎ አቆጣጠር ድናለችና ሪፖርትዎ ውስጥ ያስገቡልኝ።

ለጥናትዎ መረጃ የሚሆኑ ልጆች በመውለዴ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ሰላሁዲን፣ ከሮቢት

ተጨማሪ፦ መጠይቅዎን ለባለቤቴ ለአሲያ አነበብኩላት፤ በጭንቀት ከተማሪዎችዎ ሁሉ በለጠች። በዕድሜዋ ስልክ ኖሯት አያውቅም። ከእሷ ምን መቆለፍ እንዳለበት ቢያሳውቁኝ፣ እኔው ራሴ ይዤልዎ እመጣለሁ።