የሳባ ጣሳ

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

...መስኮቱ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ጣሳዋ። ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተላጠ። ከእኛ ብርጭቆዎች ጋር አይታጠብም። ለምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር? አልጠየቅኩም መሰለኝ።

ትናንት አንድ ፊልም እያየሁ አለቀስኩ። አሜሪካ፣ ጥቁሮች ለመብታቸው አደባባይ በወጡባቸው ዓመታት። ጥቁሯ ሠራተኛ የምትጠጣበት ኩባያ ለብቻው ተቀምጧል። እንባዬ የመጣው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ የእኛ ቤት ሠራተኛ ጣሳ ግን ትዝ ያለኝ ዛሬ ነው፣ ጥርሴን ስቦርሽ።

ቅዳሜ እዚሁ ለንደን፣ ስቶክዌል፣ የሰፈራችን ላይብረሪ ፊልሙን ያሳያል። ከዚያ እኔ እናገራለሁ፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ጥቁር የቤት ሠራተኞችን እንዴት እንደሚያሳዩ። ሦስት ገጽ ጽፌአለሁ። ሠራተኛዋ የነጭ ልጅ ታባብላለች፣ የራሷን ልጅ አናይም። የእመቤቲቱ ልብ ሲራራ ፊልሙ ያልቃል። ጥሩ ገጾች ናቸው። የተቆጡ። ደብተሬ፣ ታዲያ ለምን ደግሜ ማንበብ ፈራሁ?

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ፣ ምሽት 5፡30

ታች ፎቅ ያሉት እትዬ ዘነበች (ከእንግዲህ እ.ዘ.) ከፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ሲመለሱ ገቡ። አሥራ አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖረዋል፤ ቤይሩት፣ ከዚያ ለንደን። ቅዳሜ አብረውኝ መድረክ እንዲወጡ ለምኛቸዋለሁ። ያለ እሳቸው ንግግሬ ባዶ ነው። ፊልሙን አሳየኋቸው። በማይሳቅበት ይስቃሉ።

«ሽርጧን እዪልኝ! ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስትጠብስ ውላ ጠብ ያለባት ነገር የለም። እሷም ሠራተኛ አላት እንዴ?»

ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ጣሳው ነገርኳቸው። ለምን ነገርኳቸው? ስሟን ጠየቁኝ። ሳባ፣ አልኩ። ከእሷ በፊት የነበረችውም ሳባ። ከእሷ በኋላ የመጣችውም። እኔና ወንድሜ በየጊዜው አዲስ ስም እንዳንለምድ እናቴ የተቀጠረችውን ሁሉ ሳባ ትላት ነበር። ከአፌ ሲወጣ ገና አሁን ሰማሁት።

«እኔንም ቤይሩት ሊንዳ ብለውኝ ነበር።»

ጫማቸውን አጠለቁ። ቅዳሜ መድረክ የሚወጡት የጣሳዋን ባለቤት በስሟ ከጠራኋት ብቻ ነው፣ አሉ። እናቷ ባወጣችላት ስም።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

አዲስ አበባ ደወልኩ፣ ስሟን ለመጠየቅ።

«ሳባ ነዋ!» አለች እማዬ። እኛ ቤት ከመግባቷ በፊትስ? «እኔ ምኑን አውቄ! ደግሞስ ምን ጎደለባት? እንደ ልጄ ነው የያዝኳት።»

እንደ ልጄ። ገጽ 2 ላይ አለ፣ አስምሬበታለሁ፤ የፊልም እመቤቶች ሁሉ የሚሏት። እናቴን እወዳታለሁ። ገጽ 2ን ምን ላድርገው?

ሳባ ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። ጉልበቶቿ መካከል እቀመጣለሁ። ጣቶቿ ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ። ፊቷ አይመጣልኝም። እኔም የማያት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ነው፣ እንደ ፊልሙ ካሜራ።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ስም ማውጣት ሥራዬ ነው። አንጓች። ጥሩወርቅ። የዝና። ማን ያውቃል? እ.ዘ. በምን ያጣሩታል? «የዝና» ያምራል። ንግግሬ ውስጥ አስገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አዳራሹ ያለቅሳል።

ከዚያ ደነገጥኩ። እናቴስ ከዚህ ሌላ ምን አደረገች? ለጆሯችን የሚመች መረጠች። ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። ሰረዝኩት።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ 3፡40

እ.ዘ. መጥተዋል። ቀሚሳቸው ተተኩሷል፣ ሊፕስቲክ ተቀብተዋል። ሻይ ሰጠኋቸው። ስሟን አላገኘሁትም፣ አልኳቸው። ስለ ፊልሙ አንድ ቃል ከመተንፈሴ በፊት ይህንኑ እናገራለሁ። ጣሳውን። ሦስቱን ሳባዎች። ስሟን አለማወቄን። ወስኛለሁ።

ገጾቹን ተቀብለው ያነባሉ። ፊታቸውን እንዳላይ ይህን እጽፋለሁ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ጣታቸው ስርዙ ላይ ቆመ።

«ይቺ የዝና ማን ናት?»

ማንም አይደለችም፣ አልኩ።

ተነሡ። የጠጡበትን ኩባያ ያጥባሉ። ከእኔ ኩባያዎች ጎን ቦታ አለ። መስኮቱ ላይ፣ ለብቻው አስቀመጡት። ኮታቸውን ለበሱ። ልከተላቸው? ታች ይጠብቁኛል? አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን...

በሩ ተዘጋ።