ቤት ስንገምት ማስክ እንድናደርግ እንድንገደድ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለንብረት ግምት ቡድን መሪ ለአቶ ሞገስ ይሻው
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ ማስክ የማድረግ ግዴታ በደብዳቤ እንዲጣልብን እና የሰጠሁት ግምት እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በቤት ገማችነት ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። ክረምት ሲወጣ የምገባባቸው የጭቃ ቤቶች በአብዛኛው ሻግተው ይጠብቁኛል። ግድግዳውን ለማየት ዕቃ ማስነሳት፣ ልስኑን መፋቅ የግድ ነው፤ ሲፋቅም ብናኙ ይነሳል። ሐኪም ሳንባዬን መርምሮ ያለ ማስክ እንዳልገባ አዞኛል። መሥሪያ ቤቱ ማስክ በካርቶን ሰጥቶናል፤ በአቅርቦቱ ቅሬታ የለኝም።

2. ቅሬታዬ በራሴ ይሉኝታ ላይ ነው። ሰው ቤት ገብቶ አፍንጫን መሸፈን በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። እብናት ላይ ውሻቸውን ሊያስሩልኝ የተነሱ አባወራ ማስኬን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ማስኩ ከቦርሳዬ ብዙም አይወጣም።

3. ነሐሴ 20 ቀን የወይዘሮ እቴነሽ አባተን ቤት ለብድር ዋስትና ልገምት ሄድኩ። እንደ ምንም ማስኬን አድርጌ ነበር። ወይዘሮዋ ገና ከደጃፉ «ምነው ልጄ፣ ቤቴ ሸተተሽ?» አሉኝ። አወለቅሁት። ጓዳ ገብቼ ሳይ፣ ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ ጠቁሮ ጠጉር አብቅሏል። እሳቸው ጠላ ይዘው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቅጹ ላይ «ደረቅ፣ ለመኖሪያ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩ። ጠላውንም ጨረስኩ።

4. ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሕመም ፈቃድ ወጣሁ። ሆስፒታል ተራ ስጠብቅ ወይዘሮ እቴነሽን አገኘኋቸው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጃቸው ፍቅርተ ሳል አላስተኛ ብሏት ይዘዋት መጥተዋል። የምትተኛው በዚያው መደብ ላይ ነው። ሐኪሙ ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ወይዘሮዋ እኔ የሞላሁትን የግምት ቅጽ ቅጂ ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩት። «መንግሥት አይቶልናል» አሉት። እኔም አብሬያቸው ገብቼ ነበርና ይህን አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ግን የሰው ነው። በጣም አፍሬያለሁ።

5. ስለዚህ ማስክ ሳያደርግ ቤት የገባ ገማች እንደሚቀጣ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ፣ ባለቤቶቹ ሲቀየሙ እያሳየሁ በእርስዎ እንዳመካኝ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። የወይዘሮ እቴነሽ ቤት ግምትም ተሰርዞ እንደገና ይታይልኝ። ፍቅርተ ግን ዛሬም የምታድረው እዚያው ስለሆነ፣ የእርስዎን ውሳኔ እስክጠብቅ ጊዜ የለኝም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
የምስራች ዋልልኝ (ፊርማ)
የቤት ገማች

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ እቴነሽ አባተ
(በአመልካቿ እጅ፣ ዛሬውኑ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብላቸው)