ሳይጠይቁ ያልፈረሙት የእትዬ ጠይቁት የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች በኩር ስለነበሩ ትእዛዝ መስጠት የጀመሩት በእኛ በታናናሾቻቸው ላይ ነው።

በ1970 ዓ.ም. በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀው የሕክምና መሣሪያዎች በሚገጣጥም ፋብሪካ ፍተሻ ክፍል ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከፋብሪካው በያጅ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

መለኪያ መሣሪያዎች በኮምፒውተር መታዘዝ ሲጀምሩ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ባልደረቦቻቸውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለመሣሪያ የሚላክ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ይጻፋል፤ ቃሉም ወይ ሙሉው ወይ የታወቀው አጭሩ ነው እንጂ እንደተመቸ ተቆርጦ አይላክም። መሣሪያ ያልገባው ትእዛዝ ሲደርሰው ደግሞ አይጮህም፤ ስህተቱን በሆዱ ይዞ በነበረበት ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ስህተት ይኖርበት እንደሆነ መሣሪያውን ጠይቁት ይሉ ነበር። «እትዬ ጠይቁት» የሚለው ስምም በዚሁ ወጣላቸው።

በ1996 ዓ.ም. ለሆስፒታሎች የሚላኩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የመተንፈሻ ማሽኖች ተፈትሸው «አልፏል» ተባሉ። መኪኖቹ ሞተር አስነስተው ግቢ ውስጥ ቆመዋል፤ የቀረው የእሳቸው ፊርማ ነበር። ፍተሻውን የሚያዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢያዩት ስህተት የሚጠይቅ አንድም መስመር የለውም። ቁጭ ብለው መሣሪያዎቹን ራሳቸው ጠየቁ። ኃይል ሰጪው መሣሪያ በዚያው ወር የተተካ አዲስ ስለነበር ቮልቴጁን ከፍ እንዲያደርግ የታዘዘበት የድሮ ትእዛዝ አልገባውም፤ ማሽኖቹ በሙሉ የተፈተሹት በዝቅተኛው ቮልቴጅ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አድርገው ፈርመው እንዲያሳልፉ አዘዙ።

«መሣሪያው ያልሰማውን ሰምቷል ብዬ አልፈርምም» አሉ።

ያስተማሯቸው ቴክኒሻኖችም ብዕሩን አንነካም አሉ። ፍተሻው እንደገና ሲደረግ ከማሽኖቹ ዘጠኙ ወደቁ።

ለዚህ ምስጋና ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። «ትእዛዝ ባለመቀበል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ዕቃ ቤት ተመደቡ። ይቅርታ ቢጠይቁ እንደሚመለሱ ተነገራቸው፤ ባለቤታቸውም ለቤቱ ሰላም ሲሉ ቢያባብሏቸው በጄ አላሉም። ሦስት ዓመት ሙሉ በብሎንና በካርቶን መሃል ሲቀመጡ ቴክኒሻኖቹ በምሳ ሰዓት ፕሮግራማቸውን እየያዙ ይመጡላቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሲቀየሩ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ማስጠንቀቂያው ግን ከማኅደራቸው አልወጣም።

በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡም የመተንፈሻ ማሽኑን የፍተሻ ወረቀት ካላየሁ ጭንብል አላደርግም ብለው ነርሷን አስቸግረዋል። ወረቀቱ ሲመጣ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አረፉ።

ፋብሪካው በላከልን ማስታወሻ «በፈቃዳቸው ወደ ዕቃ ቤት ተዛውረው አገልግለዋል» ብለን እንድንጽፍ ጠይቆናል። አልጻፍንም። እህታችን ዕቃ ቤት የገቡት አልፈርምም ስላሉ ነው። ማስጠንቀቂያውንም እንዳለ በዚህ ወረቀት ጀርባ አትመነዋል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ እዚያም ጠይቀው መልስ አይጡ።