የኮከብ ቤት በጉና

ኅዳር ፲፩፣ ከሰዓት
ዛሬም ስም ስጽፍ ዋልሁ። ከየቤቱ አንድ ወንድ፣ ስንቁን ይዞ፣ ድንጋይ ሊሸከም። ጣሊያን ጉና ላይ ኮከብ ማያ ቤት ይሠራል። ምሽግ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ለኮከብ! ገብሱ ደርቆ ቆሟል፤ አጫጅ የለም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበርሁ፤ አሁን የእነርሱ ጸሐፊ። አፌን መረረኝ።

ኅዳር ፲፫
ጎረቤቴ እመት አስካለ መጡ። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ አንድ ልጃቸውን ደምሌን ለሸክም የጻፍሁት እኔ ነኝ። «መሪጌታ፣ ሰማይ ለማየት ቤት ያስፈልጋል? ወጥቶ ቀና ማለት አይበቃም?» አሉኝ። ተቀመጡ እንኳ አላልኋቸውም።

ኅዳር ፲፭
ጾም ገባ። መድፍ የሚመስለው መነጽር በሰው ጫንቃ ወጣ። ባለቤቱ መቶ አለቃ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት። ትሕትናው ይበልጥ ያስጠላኛል። ይህ ዕውቀት ለሰው ልጅ ሁሉ ነው አለኝ በአስተርጓሚ። ዋጋውን የሚከፍለውስ ማነው? አልሁ። አስተርጓሚው ሳቀ እንጂ አልተረጎመውም።

ኅዳር ፲፰፣ ማታ ፬ ሰ.
አየኋት። ጨረቃን፣ በመቶ አለቃው መነጽር። ጉድጓድ፣ ተራራ፣ የተራራው ጥላ። ዕድሜዬን ስቆጥራት ኖሬ ፊቷን ዛሬ አየሁ። እንባዬ መጣ። አንድ ጊዜ ደግሞ ብዬ ለመንሁት፣ እንደ ሕፃን።
ስወርድ በእመት አስካለ እርሻ አለፍሁ። የረገፈው ገብስ ከእግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ። ደስታዬን ልተፋው ቃጣኝ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልዋሽም፤ ማየቱ መልካም ነው። የከረፋኝ ከድኃ ጉሮሮ ተነጥቆ መሆኑ ነው።

ኅዳር ፳
ድንጋይ የደምሌን ቀኝ እጅ ጨፈለቀው። መቶ አለቃው ራሱ አጠበው፣ ጠቀለለው፣ አዘነለት። ወዲያው ዞሮ በምትኩ ሌላ ሰው ጻፍ አለኝ። ጻፍሁ። ራሴን ተጸየፍሁት።

ኅዳር ፳፪
መቶ አለቃው ጠራኝ። በበዓል ቀን ማሠራት ሕዝቡን ያስነሣል ብለውታል። ሥራ የማይሠራባቸውን ቀናት ቆጥረህ ስጠኝ፣ ያንተን ቁጥር አምናለሁ አለ።
ጭቃ ሹሙን አማከርሁ። የእርሱም ገብስ አልታጨደም። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። መሪጌታ በዓል ነው ካሉ፣ በዓል ነው» አለኝ።
በቁጥር ዋሽቼ አላውቅም። ከተነቃብኝ የስቅላት ገመድ ነው። ግን ቅዱስ የሌለው ቀን የት አለ? ከነገ ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ስምንቱንም ቀን ግዝት ብዬ ጻፍሁ፤ ድንጋይ የሚነካ የለም፤ አጨዳ ግን ይፈቀዳል። ወረቀቱን አሁን ሰጥቼው መጣሁ። አመሰገነኝ።
ለእመት አስካለ ማጭዱ ይሳል ብያቸዋለሁ። በደምሌ ፈንታ እኔ አጭዳለሁ።