ስልክ የሌለው ገበሬ በማን በኩል ይጠራል

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአያ ቃለ ክርስቶስ። ከአባይ ማዶ ያለው ብርድ እንዴት አደረገህ? ጤናህስ? ያ ቁርጠትህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሽንብራ ስትበላ ይነሳብሃል? የኔታስ ደህና ናቸው? ቅኔው ገባልህ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም አባባም ትንሿ ብዙዬም ደህና ናቸው፤ ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው የከበደን። ትምህርት ላይ ስልክ አልይዝም ብለህ ከሄድክ ወዲህ የሆዴን የማወራው ሰው አጣሁ። ይሄው አሁን በደስታ ነው የምጽፍልህ፣ መጀመሪያ ግን ፍርሃት ነበር፣ ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አያ፣ እኔ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው። አትሳቅ። እንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ካርድ እየፈለግሁ ሳቀብል አልነበር፣ ኮምፒውተሩን የምትሠራው ልጅ ልትወልድ እረፍት ስትወጣ ሐኪሙ ዶክተር ሞላ «ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ነይ ተቀመጪ» አለኝና ተቀመጥኩ፣ ስምንተኛ ላይ ያቋረጥኩ መሆኔን እያወቀ። ሥራው ገበሬው ከብቱን ይዞ ሲመጣ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የከብቱን መልክ እየጠየቁ ፎርም መሙላት ነው፤ ፎርም ማለት እንደ ወረቀት ሆኖ ሳጥን ሳጥን ያለው ነው፣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ። ክትባት ሲደርስ ደሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ለተመዘገበው ሰው ሁሉ በስልክ መልእክት ይልካል።

ያ ፎርም ግን ጨካኝ ነበር። ገና ሲጀምር የአያት ስም ይላል፤ ገበሬው ግን ከበር «በሬዬ ሳር እምቢ አለ» እያለ ነው የሚገባው። መልክ ስትለው ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቡኒ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቡሬ የለ፣ ዳልቻ የለ። ከሁሉ የከፋው የስልክ ቁጥሩ ሳጥን ነው። ባዶ ከተውከው ቀይ ሆኖ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» ይላል፣ ብትጫን ብትጫን ወይ ፍንክች። አንድ ሽማግሌ ስልክ አለዎት ወይ ስላቸው «በሬው ቀንድ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፣ ደውይለት» ብለው ሰልፉን አሳቁብኝ። ሰው ይጮሃል፣ ከብት ይጮሃል፣ ዶክተር ሞላ «ምን ይጎልትሻል» ይላል፣ ጭንቅ ሲለኝ የራሴን ቁጥር ጻፍኩለትና አለፈ። ለሁለተኛውም ጻፍኩ፣ አለፈ። ከዚያማ ለመድኩት፣ ስልክ ለሌለው ሁሉ የኔን። ውሸት መሆኑ አልታየኝም፤ ማለፉን ብቻ ነው ያየሁት።

ሚያዝያ ላይ የአባ ሰንጋ ክትባት መጣና ኮምፒውተሩ መልእክቱን ሲልክ፣ ስልኬ መቀነቴ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። «ውድ አርቢ፣ ቅዳሜ ከብትዎን ይዘው ይምጡ»፣ መቶ አርባ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ጥጃ ለሌለኝ ለኔ። ዶክተር ሞላ «ዛሬ ስንት ዘመድ አስታወሰሽ ልጅት» ይለኛል፣ እኔ ስልኩን አጥፍቼ መቀነቴ ውስጥ መልሼ ሸጎጥኩት። ቅዳሜ መድኃኒቱ በረዶ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሰው ጠበቀ፣ አሥራ አንድ ገበሬ ብቻ መጣ። ዶክተር ሞላም ተናደደና «ገበሬው ንቆናል፣ መድኃኒቱን የሚፈልገው ሌላ ወረዳ ይውሰደው» ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ። አፌን ብዘጋ መድኃኒቱ ይሄድና የሰው ከብት ያልቃል፤ ብናገር እንጀራዬ ይቀራል። ሁለት ሳምንት እህል አልበላ ብሎኝ ከረምኩ።

ከዚያ ፎርሙን የሠራችው ሴት፣ እንቁ ትባላለች፣ ምን እንደተበላሸ ልታይ ከደሴ መጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ ታየኛለች። ጎረቤታችን አባ አብዱራህማን ላማቸውን ይዘው መጡ፤ የስልኩ ሳጥን ላይ ስደርስ ሳልጠይቃቸው ጣቴ አሥሩን ቁጥር እንደ አቡነ ዘበሰማያት ለቀቀው። «ቁጥራቸውን በቃልሽ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። አያ፣ ያኔ ሁሉንም አፈሰስኩት፣ እያለቀስኩ። ዶክተር ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ «አንቺ ነሽ ለካ ገበሬውን በከንቱ ያሳማሽኝ» አለኝ። እንቁ ግን «ይቆዩ ዶክተር፣ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ሥራዋን ልትሠራ በመስኮት ብትገባ እሷን ብቻ እንዴት ይቆጣሉ» አለችና ወደ አባ አብዱራህማን ዞራ፣ ስልክ ከሌለዎት ሰው ሲፈልግዎት በምን ይጠራዎታል አለቻቸው። «እኔንማ ጁምዓ መስጊድ ላይ ይነግሩኛል፣ ክርስቲያኖቹን ደሞ ቄሱ የሷ አባት ከቅዳሴ በኋላ ይለፍፉላቸዋል፤ ስልክ ስልክ እያላችሁ ምን ያስጨንቃችኋል ወላሂ» አሉ።

ሦስት ቀን ከእንቁ ጋር ተቀምጠን ፎርሙን እንደገና ሠራነው፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ እኔ እየነገርኳት። አሁን የሚጀምረው ከከብቱ ነው፣ ምን ሆነ ብሎ፣ የሰውዬው ስም ከዚያ በኋላ። መልኩ ላይ ቡሬ አለ፣ ዳልቻ አለ፣ ዝንጉርጉር አለ፣ እኔ ስጠራ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ ያልኩትን። ስልክ ከሌለው «መልእክቱ በማን በኩል ይድረስ» የሚል ሳጥን ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ጎረቤት። ስትሳሳትም አይቆጣህም፣ ምን እንደጎደለ ይነግርሃል። የነዚያን የመቶ አርባ ሦስቱን ሰዎች ሰፈር እያስታወስኩ አንድ በአንድ አስተካከልኩት። ዶክተር ሞላ ግን አልለሰለሰም፤ «የበላዮቼን ለምኜ አንድ ቀን አስፈቅጃለሁ፣ ያን ቀን ገበሬው ካልመጣ መድኃኒቱም አንቺም ትሄዳላችሁ» አለኝ።

ኮምፒውተሩ ስሞቹን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ለይቶ አወጣልን፣ ወረቀቱን እኔው በእግሬ አዳረስኩ። አባባ እሑድ ሁሉንም በስም ጠርተው «ኋላ በሬዬ ሞተ፣ ፍቱልኝ ብሎ የሚመጣብኝ እንዳይኖር» ብለው ምእመኑን አሳቁ። ማክሰኞ ጠዋት ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ፣ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቧራው ተነሣ። አያ፣ ከብቱ መንገዱን ዘግቶት አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ቆሞ ቀረ። እኔ እጄ እስኪዝል መዘገብኩ፣ አንድም ቀይ ነገር አልወጣብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒቱ አለቀና ገና ሰልፍ አለ። ዶክተር ሞላ ካፖርቱ እበት በእበት ሆኖ መጥቶ «ነገ ተጨማሪ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ጋ እንዳገኝሽ» አለኝና ወደ ከብቶቹ ተመለሰ። እሺ አልኩና ካርድ መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ በነጠላዬ አፌን አፍኜ እልል አልኩ።

እማዬ ሳሚልኝ ብላሃለች፤ የበሶ ዱቄት በሰው ልካለች፣ ብቻህን አትብላው። አባባ በርታ ብለዋል። ብዙዬ ኮምፒውተር ላይ ካንተ በፊት ስሜን አስጽፋለሁ ትላለች። አባ አብዱራህማንም ሰላም በሉልኝ ብለዋል። የኔታን ጉልበት ሳምልኝ፣ ጓደኞችህንም በያሉበት።

አፍቃሪ እህትህ ፍቅርአዲስ
መካነ ሰላም፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.