የፈረንሳይኛው ዘፈንና ያንተ ትርጉም

ጀማልዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ ለምዶት ነው። አንተ በአላህ እጅ ነህ፣ ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። ስለዚህ የእኛን ልንገርህ።

ስትሰማ ትስቃለህ፣ አሁን ሀይዌይ ላይ እነዳለሁ። መኪናህን የበረዶ ጠጠር ደብድቧት ጣሪያዋ ጎድጉዷል፣ ሞተሯ ግን ደህና ነው። በየማለዳው ከኦሮራ ወደ ኮሜርስ ሲቲ ይዣት እሄዳለሁ፤ እዚያ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እያሸግኩ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የቀኙን መስመር ሳልለቅ፣ ሰው ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብኝ ነበር የምደርሰው። ልጃችን ሰሚራ ቶርንተን ከተማ አፓርታማ ተከራይታ ወጥታለች። አኩርፋ አይደለም፣ ሥራዋ እዚያ ሆኖ ነው። እሁድ እሁድ ትመጣና ፍሪጁን ከፍታ ምን እንደበላሁ ትመረምራለች። ልክ እንዳንተ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዘፈናችን ነው።

ታስታውሳለህ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ሠራተኞቹ ክበብ። አንተ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበርክ፣ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ያ የፈረንሳይኛ ዘፈን ሲከፈት ወሬው ሁሉ ይቆም ነበር። ቃሉ የሚገባው ሰው እምብዛም አልነበረም፣ ዜማውን ግን ሁሉም ይዞታል። አንተ የባቡር ሰው ስለሆንክ ፈረንሳይኛ ታውቃለህ ብዬ፣ ምን እያሉ ነው አልኩህ። ትንሽ አሰብክና ነገርከኝ። ሰውየው፣ ቤት ስንሠራ መስኮቱን በየት በኩል እናድርገው ይላታል። እሷ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት ትለዋለች። ዝናብ ሲመጣስ ይላታል። አብረን እንዘጋዋለን ትለዋለች። በሁለት ወሩ ሽማግሌ ላክህ።

ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይኛውን በጆሮ ይዘን፣ የወንዱ ያንተ፣ የሴቷ የእኔ ሆነ። ከአገር ወጥተን ኦሮራ ከመጣን በኋላም፣ በረዶ ስትዝቅ እንኳ ከደጅ ትጀምረውና እኔ ከመስኮቱ ውስጥ እመልስልህ ነበር። ስንጣላ ደግሞ ይቅርታ የሚባል ቃል ካንተ አፍ አይወጣም፤ ከወጥ ቤት ሆነህ የሰውየውን ክፍል ታንጎራጉራለህ። ከመለስኩልህ ታርቀናል ማለት ነው። አንዳንዴ ሁለት ቀን አስጠብቄሃለሁ፣ አፉ በለኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ አንድም ቀን አልከፈትኩትም። ጠያቂው ሳይኖር መልሱን ብቻዬን ምን ላደርገው?

ባለፈው ክረምት ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ነበርን። ክሌር የምትባል የኮንጎ ሴት አለች፣ ጎን ለጎን ነው የምንሠራው። ምግቧን እያሞቀች ያንን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረች። የሰውየውን ክፍል ስትጨርስ፣ ሳላስበው የሴቷን መለስኩላት። ማንኪያዋን ይዛ ዞረች። ፈረንሳይኛ ትችያለሽ እንዴ ብትለኝ፣ አንድ ዘፈን ብቻ አልኳት። በተሰባበረው እንግሊዝኛችን ስለ ቤቱና ስለ መስኮቱ ስነግራት ማኘኳን አቆመች። መዋሸት የማትችል ሰው ናት።

«ዘሀራ፣ እህቴ፣ ዘፈኑ ውስጥ ቤት የለም» አለችኝ። «ሰውየው ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ነበር። አሁን ልመለስ እያለ ይለምናታል። እሷ በሩን አልከፍትልህም እያለችው ነው።»

ወደ ሥራዬ ተመልሼ አንዱን ካርቶን ሁለት ጊዜ አሸግኩት። ጀማል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀየምኩህ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልከፍትልህም እያልኩ ስዘፍንልህ ኖሬያለሁ ማለት ነው። የከፋኝ ግን እሱ አልነበረም። ይሄን ከፈጠርክ ሌላስ ምን ፈጥረህልኝ ይሆን የሚለው ነው። አንተን አስቀምጬ አልጠይቅህ ነገር። ያን ሳምንት ፎቶህን ሳላይ ነበር ከቤት የምወጣው።

እሁድ ሰሚራ ስትመጣ ነገርኳት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቁጭ አለች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተወችው፣ ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ ባባ ያውቅ ነበር። ሃይ ስኩል እያለሁ ትራንስሌት አድርጌለት ነበር።»

ለካ ትምህርት ቤት ስታደርሳት ዘፈኑ ተከፍቶ፣ ትርጉሙን ከስልኳ ላይ አንብባልህ ነው። መኪናውን ዳር አስይዘህ ፓርክ አድርገህ፣ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አልካት። ያንተ ፈረንሳይኛ የቲኬትና የሻንጣ ነበር፣ ዘፈኑን አንተም አታውቀውም ነበር። ከዚያ ለሰሚራ የነገርካትን እሷ አንድም ቃል አልረሳችውም።

«ያን ቀን ለእናትሽ የነገርኳት የራሴን ነው። ፈርቼ በዘፈኑ አሳበብኩ። እንዳትነግሪያት። እስከዛሬ የመለሰችው ለእኔ እንጂ ለዘፋኙ አይደለም።»

አለቀስኩ። ሰሚራም አለቀሰች። ከዚያ፣ አንተ አፍረህ ያልተናገርከውን ሁሉ በፈረንሳዊ ሰው አፍ ስታስወራ ታየኝና ሳቄ መጣ። ያን ዕለት ፎቶህን በእጄ ወለወልኩት።

ሰኔ ላይ የክሌር ልጅ ተመረቀችና ኦሮራ አንድ መናፈሻ ውስጥ የምሳ ግብዣ ተደረገ። እኔና ሰሚራም ሄድን። የክሌር አጎት ጊታር ይዘው መጥተው ኖሮ ያንን ዘፈን ጀመሩ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሁሉም አብሮ ይላል። ክሌርን፣ ይሄ ዘፈን እንዴት አላረጀም ብዬ ጠየቅኳት። እናቷም ከአባቷ ጋር ይዘፍኑት እንደነበር ነገረችኝ። አንዱ ጠይቆ ሌላው ሲመልስ ሰው መስማት አይሰለቸውም አለችኝና እጄን ይዛ አስነሳችኝ።

ሰሚራ አጠገቤ ቆመች። የክሌር አጎት የሰውየውን ዘፈኑ፣ እኔ የመጀመሪያውን በፈረንሳይኛ መለስኩ። ሁለተኛው ላይ ግን ከአፌ የወጣው አማርኛ ነው። ፀሐይ በሚገባበት አልኩ፣ አብረን እንዘጋዋለን አልኩ። ዜማው ላይ በደንብ አልገጠመም፣ ማንም ግን አላቋረጠኝም።

ስጨርስ አንዲት አሮጊት ምን አለች ብለው ጠየቁ። ክሌር ያንተን ትርጉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፈረንሳይኛ ነገረቻቸው። አጎቷ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ አሏት። ደገመችላቸው። ከዚያ ጊታራቸውን አቀኑና፣ ጀማልዬ፣ ያንተን ጥያቄ በእውነተኛ ፈረንሳይኛ ዘፈኑት። ቤቱን፣ መስኮቱን፣ ዝናቡን። እኔም መለስኩላቸው። ሰሚራ በስልኳ ቀረጸችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ እከፍተዋለሁ። ሰሚራም የሰውየውን ክፍል እያጠናች ነው፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ወደ አንተ ሄዷል። በመጪው ጁምዓ መቃብርህ ጋ መጥተን ዱዓ እናደርግልሃለን። የዘፈኑን ትርጉም የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ሁለቱንም እነግረዋለሁ፣ ያንተን አስቀድሜ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ጠያቂው አንተ እንደነበርክ አልረሳም።

ሚስትህ ዘሀራ