ከድልድዩ ማዶ

ማክሰኞ

ፎቶውን ለእማዬ ማሳየት አልነበረብኝም። ባለቤቴ ሰናይት ለሥልጠና ዛምቢያ ናት፤ ሊቪንግስተን፣ ትልቁ ፏፏቴ ያለበት የድንበር ከተማ። ሆቴሏ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፏፏቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እማዬ አየችና «ይሄማ ጠበል ነው» አለች። ደወልንላት። ሰናይት ሳቀች። «እማማ፣ ይሄ ቱሪስት የሚያየው ነው እኮ።»

«ቱሪስት ምን ያውቃል! ለእግሬ ቅጂልኝ። ከሚወርደው ነው ታዲያ፣ ከተኛው እንዳይሆን።»

እግሯ ካበጠ ከርሟል። የሐኪሙን ኪኒን አትውጥም።

ረቡዕ

ዛምቢያ በኩል ውሃ የለም። ወቅቱ እዚያ ደረቅ ነው፤ ገደሉ ድንጋይ ብቻ ሆኗል አለች ሰናይት ደውላ። የሚወርደው ከድልድዩ ማዶ፣ ዚምባብዌ ነው።

«ከቧንቧ ቅጂና ዝም በያት» አልኳት።

«በጠበልማ አልዋሽም።»

ሐሙስ

ተሻግራ ቀዳች። ስትመለስ ዛምቢያዎቹ አላስገባ አሏት። ቪዛዋ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ነበር፤ ስትወጣ አለቀ። ከማዶ የሰጧት ማለፊያ ደግሞ የዛሬ ብቻ ነው። ሻንጣዋ ሆቴል ቀርቷል። አውሮፕላኗ ቅዳሜ ከዛምቢያ ነው የሚነሳው። አዲስ ቪዛ ጠይቂ፣ ጠብቂ ብለዋታል። እስከ መቼ? አላወቁም። ይህን ስትነግረኝ ባትሪዋ እያለቀ ነበር። ስልኩ ተቋረጠ።

ዓርብ

ስልኳ አይሠራም። ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ ቲኬት የቆረጥንበት ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን እያየች «ጋሼ፣ ድልድዩን ማን ተሻገሪ አላት?» አለችኝ።

«እናቴ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በረራ መቀየር ትችላለች፤ ቪዛ ግን የዛምቢያ መንግሥት ጉዳይ ነው። ይሄንን እኔም አውቅ ነበር። ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው የሄድኩት።

እማዬ «ቀዳችልኝ?» አለች። ቀድታለች አልኳት። መረቀቻት። ነገ ትደርሳለች ብላ ለዶሮ ወጥ ከጎረቤት በርበሬ ተበደረች። ሽንኩርቱን ላጥኩላት።

ቅዳሜ

ሰናይት በሰው ስልክ ደወለች። ድንበሩ አጠገብ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት አሳድራታለች። ማለፊያዋን እስከ ሰኞ አራዝመውላታል። ቪዛው አልመጣም። አውሮፕላኑ ሄዷል።

«ለእማማ ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

«ንገራቸው። ከሰው እንዳይሰሙ።»

ነገርኳት። እማዬ ተነሳች። ነጠላዋን ለበሰች፣ ጫማዋ ስላልገባላት ነጠላ ጫማ አደረገች።

«ወዴት ነው?»

«ሄጄ ልለምናቸው እንጂ! በኔ የተነሳ ሜዳ ላይ ትቅር?»

«ማንን ነው የምትለምኚው?»

በሩን ከፈተች። ክንዷን ይዤ እስከ አስኮ ፌርማታ አዘገምን። አንድ ታክሲ ቆመልን። ወያላው «ወዴት ናችሁ?» አለ። እማዬ እኔን አየችኝ።